የቁማርተኛው ሚስት፦ አና ግሪጎርየቭና ዶስቶየቭስካያ (1846–1918)

ስለ ቁማር ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ቁማርተኛውን ነው። ለእርሱ እንጸልያለን፣ እርሱን እንገሥጻለን። አጠገቡ ያለችውን ሚስት፣ እናት ወይም እኅት ግን የሚያያት የለም። ድሮ ቁማር ደጅ ተዘግቶ ካርታ የሚጣልበት የጥቂቶች ነገር ነበር። ዛሬ ግን በከተሞቻችን የኳስ ውርርድ ቤት ተከፍቷል፤ ስልክ ባለበት ደግሞ ሊማሊሞን ወርደን ዛሪማ ብንደርስ እንኳ ጨዋታው በሰው ኪስ ውስጥ ነው። የቤቱ ገንዘብ ወዴት እንደሚሄድ እያወቀች፣ ስሙ እንዳይጠፋ ብላ ለመጋቢዋም ለጸሎት ጓደኞቿም የማትናገር እኅት በመካከላችን አትጠፋም። ለእርሷ ስል የአንዲት ሩሲያዊት ታሪክ ላካፍላችሁ ወደድሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አና በ1846 ሴንት ፒተርስበርግ ተወለደች። አባቷ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ እናቷ ከፊንላንድ ስዊድናውያን ወገን ናት። አና ንግግርን በምልክት በፍጥነት የመጻፍ ሙያ ተማረች። በ1866 ጥቅምት ወር፣ አባቷ በሞተ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ አንድ ደራሲ ጸሐፊ ይፈልጋል ተብላ ተላከች። ደራሲው ፊዮዶር ዶስቶየቭስኪ ነበር። በወሩ መጨረሻ አንድ ልብ ወለድ ካላስረከበ አሳታሚው ሥራዎቹን ሁሉ ለዘጠኝ ዓመት ያለ ክፍያ ለማተም የሚያስችል ውል አስፈርሞታል። እርሱ እየተናገረ እርሷ እየጻፈች መጽሐፉ በ26 ቀን አለቀ። ስሙም ቁማርተኛው ነው! የሚጽፈው ሩቅ ያየውን አልነበረም። ከ1863 ጀምሮ በጀርመን የቁማር ቤቶች ሩሌት የሚባለው የሚሽከረከር ጨዋታ ይዞት ነበር፤ በ1865 ቪስባደን ላይ ያለውን ሁሉ ተበልቶ የሆቴል ዕዳውን መክፈል እስኪያቅተው ደርሷል።

በ1867 የካቲት ተጋቡ። እርሷ የ20 ዓመት ወጣት፣ እርሱ የ45 ዓመት ሚስቱ የሞተችበት ሰው፣ የሚጥል በሽታ ያለበትና በዕዳ የተያዘ። ዕዳው ከቁማር ብቻ የመጣ አልነበረም፤ የሞተ ወንድሙን ዕዳም ተሸክሞ ነበር። አበዳሪዎችና ዘመድ ሰላም ቢነሷቸው አና የጥሎሿን የቤት ዕቃና ፒያኖዋን አስይዛ ገንዘብ አገኘችና ወደ ውጭ አገር ወጡ። ለሦስት ወር ያሰቡት ጉዞ አራት ዓመት ፈጀ።

ከሁሉ የከፋው በዚያው ዓመት ክረምት ባደን ባደን ላይ ያሳለፉት ጊዜ ነው። አና ነፍሰ ጡር ነበረች። እርሱ ገንዘብ ይዞ ይሄዳል፣ ተበልቶ ይመለሳል፣ ተንበርክኮ ያለቅሳል፣ ይምላል፤ ከዚያ እንደገና ይጠይቃል። የጋብቻ ቀለበታቸው፣ እርሱ ራሱ የሰጣት የጆሮ ጌጥና የደረት ጌጥ፣ ልብሳቸው ሳይቀር መያዣ ሆነ። የጆሮና የደረት ጌጡ በዚያው ቀረ። አንዳንድ ቀን ያሸንፍ ነበር፤ ያ ደግሞ የባሰ ነበር፣ ምክንያቱም ያሸነፈውን ይዞ ተመልሶ ይሄዳልና። የአና እናት የምትልከው ገንዘብም እዚያው ይገባ ነበር።

አና ንዴቷንና እንባዋን እርሱ ሊያነብበው በማይችለው በዚያ የምልክት ጽሕፈት በማስታወሻ ደብተር አሰፈረች። እየቆየች የተረዳችው ግን ባሏ ክፉ ወይም ፈቃደ ደካማ ብቻ ሳይሆን በበሽታ የተያዘ መሆኑን ነው። የሱስ ሕክምና በማይታወቅበት ዘመን አንዲት ወጣት እዚህ መድረሷ ይገርመኛል።

በ1868 ጄኔቭ ላይ የመጀመሪያ ልጃቸው ሶፊያ ተወለደች፤ ሦስት ወር ሳትሞላ ግን በሳንባ ምች ሞተች። ሐዘኑም ቢሆን ቁማሩን አላቆመውም። በ1869 ድሬስደን ላይ ሁለተኛዋ ልጅ ሊዩቦቭ ተወለደች።

በ1871 ሚያዝያ ዶስቶየቭስኪ መጻፍ አቅቶት ተጨንቆ ነበር። አና ቆጥባ ካስቀመጠችው ከፍላ ሰጠችውና ወደ ቪስባደን ሄደ። እንደሚበላ ታውቅ ነበር። ተበላም። ለመመለሻ የላከችለትንም ጨመረበት። በዚያች ሌሊት የሩሲያ ቄስ ፍለጋ በጨለማ ከተማውን ሲዞር መንገድ ስቶ የአይሁድ ምኩራብ ደጅ ደረሰ። ከዚያም ለሚስቱ ነገሩ እንዳበቃ ጻፈላት። ከዚህ በፊትም ስንት ጊዜ ምሎላት ነበር! የዚህን ጊዜ ግን እውነት ሆነ፤ እስኪሞት ድረስ አልተጫወተም።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። አና ገንዘቡን መስጠቷን እንደ ምክር የሚወስድ ቢኖር ይሳሳታል። ለቁማርተኛ ገንዘብ መስጠትና ዕዳውን በስውር መክፈል ሱሱን መመገብ ነው፤ ሱስን የሚያውቁ አማካሪዎችም ዛሬ ቤተሰብን የሚያስጠነቅቁት ይህንኑ ነው። ያቆመው የጀርመን የቁማር ቤቶች ስለ ተዘጉ ነው የሚሉም አሉ። ቤቶቹ የተዘጉት ግን በ1872 መጨረሻ ነው፤ እርሱ ከዚያ በፊት ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ትቶት ነበር። ምሕረት ደረሰለት ብል የምታሙኝ አይመስለኝም።

ይልቅ እኅቶች ልብ እንዲሉት የምፈልገው ቀጥሎ ያለውን ነው። በዚያው ዓመት በሐምሌ ፒተርስበርግ ሲመለሱ 25,000 ሩብል ያህል ዕዳ ጠበቃቸው፤ በዚያው ወር ወንድ ልጅ ተወለደ። አና ገንዘቡን ሁሉ በእጇ አደረገች። አበዳሪዎችን ባሏ ሳይሆን እርሷ አነጋገረች። የእስር ዛቻ ለመጣበት አንድ አበዳሪ፣ ቤቱ በእርሷ ስም የተከራየ፣ ዕቃውም ገና ተከፍሎ ያላለቀ ስለሆነ ባሏን ቢያሳስር ምንም እንደማያገኝ አስረዳችውና በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ለመቀበል ተስማማ። የአቢግያን ጥበብ (1ሳሙ. 25) ያስታውሰኛል። በ1873 የባሏን መጽሐፍ ራሳቸው አሳትመው ከቤታቸው ሸጡ፤ ያኔ ደራሲ የራሱን መጽሐፍ ሲያሳትም ብዙም አልተለመደም ነበር። ዕዳው ተከፍሎ ያለቀው እርሱ ሊሞት አንድ ዓመት ያህል ሲቀረው ነው።

እግረ መንገዴን፦ እኛ በደሙ የምንኮራበት፣ ሳር ቤት አካባቢ አደባባይ የተሰየመለት ፑሽኪንም የካርታ ቁማርተኛ ነበር። በ1837 ሲሞት ዕዳውን የከፈለው ንጉሡ ነው። የፑሽኪን ሚስት ያላገኘችውን ጊዜ አና አግኝታለች።

ዶስቶየቭስኪ በ1850 በእስር ወደ ሳይቤሪያ ሲወሰድ የተሰጠውን አዲስ ኪዳን ዕድሜውን ሙሉ ይዞት ኖሯል። በ1881 ሊሞት ሲል አና ከፍታ የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 3ን አነበበችለት። ያን ጊዜ 34 ዓመቷ ነበር። ሁለት ልጆች ቀብራ ሁለቱን አሳደገች፤ ዳግመኛም አላገባችም። ሥራዎቹን ሰብስባ አሳተመች፤ ስታራያ ሩሳ በተባለችው ከተማ በስሙ ለድሆች ልጆች ትምህርት ቤት አስከፈተች። በ1918፣ በአብዮቱ ሁከት መካከል፣ ያልታ ላይ ታማ ሞተች። አጽሟ ፒተርስበርግ ተወስዶ ከባሏ አጠገብ ያረፈው በ1968 ነው።