ዶክተር አክሊሉ ለማ፦ ከወንዝ ዳር ምልከታ እስከ ጥናት

እ.ኤ.አ. በ1964 ዓ.ም. ወጣቱ ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ ስለ ቢልሃርዚያ ለማጥናት ወደ አድዋ ተጉዘው ነበር። በወንዙ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ከማጠቢያው በታች ከሌላው የወንዙ ክፍል ይልቅ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው መታየታቸውን ልብ አሉ።

ነገሩ ቀላል አልነበረም። የቢልሃርዚያ ትል የሚያድገው በቀንድ አውጣ ውስጥ ሲሆን፣ ከዚያ ወጥቶ ውሃ ውስጥ የገባውን ሰው በቆዳው በኩል ያጠቃል። ትሉን ጀርመናዊው ሐኪም ቴዎዶር ቢልሃርዝ በ1851 ካይሮ ላይ ካገኘው ወዲህ፣ ከግብፅ እስከ ሱዳንና የመን የመስኖ ገበሬውን ሲያሠቃይ ኖሯል።

ዶክተር አክሊሉ ያዩትን ወዲያው እንደ ግኝት አላወጁም። ከአጣቢዎቹ አንዷን ጠይቀው የእንዶዱን አረፋ ሕያው ቀንድ አውጣዎች ባሉበት ዕቃ ውስጥ አስጨመሩ፤ ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ። ቀጥሎ በላቦራቶሪ ምን ያህል እንዶድ በምን ያህል ጊዜ እንደሚገድል ለኩ። በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ያሳተሙትን ጽሑፍም የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርት ብለው ሰየሙት።

በምልከታና በሙከራ የተመሠረተ ጥናት የሚለየው በዚህ ነው። ጸሐፊው ራሱ የለካውን ያቀርባል፤ ሌላው ሰው ደግሞ ይፈትነው ዘንድ የለካበትን መንገድ ይገልጻል። የሌሎችን ሥራ የሚያጠናቅር ወይም ሐሳብ የሚከራከር ጽሑፍ፣ የቱንም ያህል ምሁራዊ ቢሆን፣ ከዚህ ወገን አይቆጠርም።

ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ የተካሄደው የመስክ ሙከራ ውጤቱን አጎላው። በትንንሽ ልጆች ላይ የበሽታው ሥርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ገደማ ወረደ።

ይሁን እንጂ ዓለም አቀፍ ተቋማት የእንዶድን ደኅንነት በታወቁ የውጭ ላቦራቶሪዎች ይረጋገጥ ብለው ጠየቁ። እንዶድ ዓሣንም ስለሚገድል ጥያቄው መሠረት ነበረው። መልሱ ግን ብዙ ዓመታት ፈጀ፤ ዋጋውን የከፈሉትም ወንዝ ዳር የሚኖሩ ድሆች ነበሩ።

በ1989 ዶክተር አክሊሉ ከባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። በ1997 ዐርፈዋል። እርሳቸው የመሠረቱት የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው ይጠራል።