ዱቤን የከለከለው ጨርቅ ሻጭ እንዴት ባንክ ከፈተ? የሚትሱይ ታካቶሺ ታሪክ

ጃፓን የሄደ ሰው ያውቀዋል። ውሃና ብስኩት ለመግዛት ሰቨን ኢለቨን ሱቅ ስትገቡ ጥግ ላይ ኤቲኤም ቆሟል። ቦታ ተከራይቶ የገባ የሌላ ባንክ ማሽን እንዳይመስላችሁ፤ የሱቁ የራሱ ባንክ ነው፣ በ2001 የተቋቋመ። ኢዮን የሚባለው ግዙፍ ሱፐርማርኬትም በ2007 የራሱን ባንክ ከፈተ። እንግሊዝ ውስጥ ቴስኮና ሴንስበሪስ ከነሱም ቀድመው በ1997 ገብተውበታል። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ሱቅ ባንክ ሲሆን ስናይ የዘመናችን ፈጠራ ይመስለናል። ግን ከ340 ዓመት በፊት፣ ያኔ ኤዶ በምትባለው በዛሬዋ ቶኪዮ፣ አንድ ጨርቅ ነጋዴ አድርጎት አልፏል። ሰውየው ሚትሱይ ታካቶሺ ይባላል። ሚትሱይ የሚል ስም ያለበት ትልቅ የጃፓን ድርጅት ካያችሁ ግንዱ እሱ ጋ ነው የሚደርሰው።

ታካቶሺ በ1622 ማትሱሳካ በምትባል ከተማ ተወለደ። ለቤቱ ስምንተኛና የመጨረሻ ልጅ ነው። አያቱ ሳሙራይ ነበሩ። አባቱ ግን የጦረኛውን ኑሮ ትቶ ሳኬ የሚባለውን የሩዝ መጠጥና ሚሶ የሚባለውን ከአኩሪ አተር የሚሠራ ቅመም መሸጥ ጀመረ። ከዚያው ጎን ለጎን ዕቃ በመያዣ እየያዘ ገንዘብ ያበድራል። እውነቱን ለመናገር አባትየው ለንግድ የተፈጠረ ሰው አልነበረም፤ ግጥምና ጨዋታ ነው የሚወደው። ቤቱን ያቆመችው እናትየው ሹሆ ናት።

ሹሆ የነጋዴ ልጅ ናት፤ ገና በ13 ዓመቷ ነው የተዳረችው። ባሏ በ1633 ሲሞት ልጆቹንም ሱቁንም ብቻዋን ይዛ ቀረች። አንዲት ሳንቲም በከንቱ የማታወጣ፣ ደንበኛ ግን የማታስቀይም ሴት ነበረች ይባላል። የሚትሱይ ቤተሰብ እስከዛሬ የንግዳችን እናት እያለ ነው የሚያነሳት። የታካቶሺን ሕይወት ስታዩ ትልልቅ ውሳኔዎች ላይ ሁሉ እሷ አለችበት።

14 ዓመት ሲሞላው ኤዶ ላከችው። እዚያ የመጀመሪያ ልጇ ቶሺትሱጉ ጨርቅ ቤት ከፍቶ ነበር። ታካቶሺ ከታላቅ ወንድሙ ሥር ሆኖ ሥራ ጀመረ፤ ዓመታት ሲያልፉም ሱቁን በኃላፊነት እስከመምራት ደረሰ። ገንዘቡ ይበዛል፣ ደንበኛው ይጨምራል። ችግሩም የመጣው ከዚሁ ነው። ወንድሞቹ የትንሹን ልጅ ፍጥነት አይተው ፈሩት። ነገ ይህ ልጅ የራሱን ሱቅ ቢከፍት እኛ የት እንገባለን አሉ። በ1649 እናታችን ብቻዋን ናት፣ ሄደህ ጡራት ተብሎ ወደ ማትሱሳካ ተመለሰ። ዕድሜው ገና 28 ነበር። ኤዶ ላይ የራሱን ሱቅ የመክፈት ሕልሙም እዚያው ተቀበረ። ቢያንስ ያኔ እንደዚያ ነበር የሚመስለው።

24 ዓመት! ይህን ያህል ነው የጠበቀው። ታላቅ ወንድም በሕይወት እያለ ከቃሉ መውጣት በዚያ ዘመን የሚታሰብ አልነበረም።

ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። አግብቶ ከ15 የማያንሱ ልጆች ወለደ። ሥራው ገንዘብ ማበደር ነበር። ለመሳፍንትም ያበድራል፣ ለገበሬ መንደሮችም ሩዛቸውን መያዣ አድርጎ ያበድራል። እኛ ሰፈር ቢሆን አራጣ አበዳሪ ነበር የሚባለው፤ ይህንን ማሳመር አያስፈልግም። በኋላ ለከፈተው ሱቅ መነሻ የሆነው ካፒታል አንዱ ክፍል ከገበሬ ወለድ የመጣ ነው። በነዚያ ዓመታት የተማረው ነገር ግን ከገንዘቡም ይበልጣል፦ ለማን ይበደራል፣ ለማን አይበደርም፣ የዘገየ ብድር ስንት ያስወጣል። ወንዶቹ ልጆቹ ከፍ ከፍ ሲሉም ትልልቆቹን ሥራ እንዲለምዱ ኤዶ ላካቸው። የሆነ ቀን እንደሚያስፈልጉት አውቋል ማለት ነው።

በ1673 ቶሺትሱጉ ሞተ። እናቱ በሕይወት ነበረች፣ 80 ዓመት አልፏታል። ፈቃዷን ጠየቀ፣ ፈቀደችለት። እሱም በዚያው ዓመት ኤዶ ውስጥ ሆንቾ በሚባለው የጨርቅ ነጋዴዎች ሰፈር ኤቺጎያ የተባለ ሱቅ አስከፈተ። ያኔ 50 ዓመት አልፎታል። የሱቁ ፊት ስፋት 2 ሜትር ከ70 አካባቢ ነው፤ ከአንድ ትንሽ ኮንቴይነር ሱቅ ብዙ አይበልጥም። ደግሞ እሱ ራሱ እዚያ አልነበረም። ማትሱሳካ ተቀምጦ በደብዳቤ ነበር የሚመራው። አንዱ ልጅ ኪዮቶ ሆኖ ይገዛል፣ ሌላው ኤዶ ሆኖ ይሸጣል።

አሁን ዋናው ነገር ጋ ደርሰናል። በዚያ ዘመን ኤዶ ውስጥ ሐር ጨርቅ እንዴት ነበር የሚሸጠው? ነጋዴው ናሙናውን ይዞ መኳንንቱ ቤት ይሄዳል። ዋጋ አይነገርም፣ በክርክር ነው። ከተስማሙ ጨርቁ ይሰጣል፣ ገንዘቡ ግን ዱቤ ነው። ክፍያው በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ፣ በበዓልና በዓመቱ ማለቂያ ነው የሚመጣው። ከመጣ! መስፍኑ አልከፍልም ቢል ማን ይከሰዋል? ስለዚህ ነጋዴው የሚቀርበትንም ዕዳ፣ የሚዘገይበትንም ጊዜ አስቦ ዋጋው ላይ ይቆልለዋል። በዚያ ላይ የሚሸጠው ሙሉ ጣቃ ብቻ ነው። ለልጇ አንዲት ቁራጭ የፈለገች እናት ቦታ የላትም።

ልብ ካላችሁት ያ ጨርቅ ነጋዴ ሳያውቀው አበዳሪ ሆኗል። ዕቃ የሸጠ ይመስላል እንጂ ሀብታሙን በነፃ እያበደረ፣ ወለዱን ደግሞ ከሌላው ገዢ ላይ እየሰበሰበ ነው። ታካቶሺ 24 ዓመት ሙሉ ብድር ሲሠራ ስለኖረ ይህ ወዲያው ነው የታየው።

መፍትሔው ቀላል ነበር። ዱቤ የለም፣ በካሽ ብቻ። ዋጋው ቁርጥ ነው፣ ለጌታም ለሎሌም አንድ። ቤት ለቤት መዞር ቀረ፣ የፈለገ ሱቅ ይምጣ። ጨርቁም ገዢው በፈለገው ልክ ተቆርጦ ይሸጣል። ለቸኮለ ሰው ልብሱን እዚያው ይሰፉለታል። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ የሱቁ ምልክት ያለበት ጃንጥላ ለደንበኛ ማዋስ የኤቺጎያ ልማድ ሆነ። ሰዉ በነፃ ተጠልሎ ይሄዳል፣ ከተማው ሁሉ የሱቁን ማስታወቂያ ያያል።

ገበያ ወጥቶ ዋጋ ሲከራከር ላደገ ሰው ቁርጥ ዋጋ ያን ያህል ትልቅ ነገር ላይመስለው ይችላል። ግን አስቡት፤ መከራከር የሚችለው ጊዜ ያለው፣ ምላስ ያለው፣ የሚፈራ ስም ያለው ነው። ኤቺጎያ የእጅ ሠራተኛውንና የሳሙራዩን ሎሌ በአንድ ዋጋ ሲያስተናግድ፣ ሐር ነክቶ የማያውቅ ሰው ገዢ ሆነ። ትርፉ ከአንዱ ሽያጭ ላይ ትንሽ ነው። ሽያጩ ግን በጣም ብዙ ነው፤ ገንዘቡም ዓመት ሳይጠብቅ ዛሬውኑ እጅ ይገባል።

ጎረቤት ነጋዴዎች አበዱ። ማኅበራቸው አገለለው፣ ከሱ ጋር አንነግድም አሉ። ከኤቺጎያ ማብሰያ ቤት ጋር የተገናኘ ሽንት ቤት ሠርተው ፍሳሹን እንደለቀቁበትም ይነገራል። ምቀኝነት አገር አይመርጥም። ታካቶሺ አልተጣላም። በዝምታ ሱሩጋቾ በሚባል ሰፈር ቦታ ገዛ። በ1683 መጀመሪያ ላይ ትልቅ እሳት ተነስቶ ኤዶን ሲበላ ሆንቾም ነደደ፤ ኤቺጎያም በዚያው ዓመት ሱሩጋቾ ገባ። ለከተማው ሰው ወረቀት አስበትኖ በካሽና በቁርጥ ዋጋ እንደሚሸጥ አሳወቀ።

ሱሩጋቾ ግን የጨርቅ ሰፈር አይደለም፣ የገንዘብ መንዛሪዎች ሰፈር ነው። እዚያው ከጨርቁ ሱቅ ጎን ታካቶሺ የምንዛሪ ቤት ከፈተ። በአጋጣሚ የሆነ እንዳይመስላችሁ። የዚያን ጊዜዋ ጃፓን በአንድ አገር ውስጥ ሦስት ዓይነት ገንዘብ ነበራት። ኤዶ በወርቅ ትገበያያለች። ኦሳካና ኪዮቶ በብር ይገበያያሉ፣ ብሩም እየተመዘነ ነው የሚከፈለው። ለትንንሹ ነገር ደግሞ መዳብ አለ። የወርቅና የብሩ ዋጋ በየጊዜው ይወጣል ይወርዳል። ኤቺጎያ ጨርቁን የሚገዛው ኪዮቶ ነው፣ በብር። የሚሸጠው ኤዶ ነው፣ በወርቅ። ስለዚህ በየቀኑ መመንዘር አለበት፣ በመነዘረ ቁጥር ደግሞ ሌላ ሰው ያተርፍበታል። ያንን ትርፍ ለምን እኔ አልወስደውም ነው ያለው። ዛሬም ትልልቅ ሱቆች ወደ ባንክ ሥራ የሚገቡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ በየክፍያው ለሌላ የሚሄደውን ኮሚሽን ቤት ውስጥ ማስቀረት። በ1686 ኪዮቶም ላይ የምንዛሪ ቤት ከፈተ፣ እሱም ኑሮውን ወደዚያው አዞረ።

ከዚያ ነው ትልቁ ዕድል የመጣው። የሾጉኑ መንግሥት ኦሳካ ላይ የሚሰበስበው ብር ነበር። ገንዘቡ የሚፈለገው ግን ኤዶ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ብሩ በፈረስ ተጭኖ፣ በዘብ ታጅቦ ነበር የሚጓዘው። ወጪው ብዙ፣ አደጋውም ብዙ። በሌላ በኩል ኤቺጎያ ኤዶ ላይ የሸጠበትን ወርቅ ጨርቅ ሊገዛበት ወደ ኪዮቶ መላክ አለበት። አንዱ ገንዘብ ወደ ምሥራቅ፣ ሌላው ወደ ምዕራብ፣ በአንድ መንገድ ላይ እየተላለፉ ይሄዳሉ!

ሚትሱዮች ለመንግሥት ያቀረቡት ሐሳብ ይኸውላችሁ። ብሩን ኦሳካ ላይ ለእኛ ስጡን፤ እኛ ኤዶ ላይ በወርቅ እንከፍላችኋለን። ፈረስ የለ፣ ዘብ የለ፣ ወረቀት ብቻ። ሐዋላ ማለት ነው። መንግሥት ተስማማ፤ በ1690ዎቹ መግቢያ ላይ ሚትሱይ ከሌሎች ጥቂት ቤቶች ጋር ሥራውን ያዘ። ለክፍያው መጀመሪያ የተሰጣቸው ጊዜ 60 ቀን ነበር፤ በኋላ ይህም ረዘመ።

60 ቀን የምትለዋን አትለፏት። ብሩ ኦሳካ ላይ ዛሬ እጃቸው ገባ። ነገ ኪዮቶ ላይ ጨርቅ ይገዙበታል። ጨርቁ ኤዶ ይሄዳል፣ በካሽ ይሸጣል። በ60ኛው ቀን ከዚያው ሽያጭ ለመንግሥት ይከፍላሉ። በመንግሥት ገንዘብ፣ ያለ ምንም ወለድ ነገዱ ማለት ነው። ዱቤ ቢሸጡ ኖሮ ይህ ሁሉ አይሠራም ነበር፤ ገንዘቡ በዓመት መጨረሻ ነበር የሚመጣው። የሱቁ ካሽ ነው ባንኩን ያቆመው። ባንኩ ደግሞ ለሱቁ ነፃ ካፒታል ሰጠው።

እንደኔ እንደኔ የሰውየው ትልቁ ብልሃት ይህ ነው፣ ቁርጥ ዋጋው አይደለም። አደጋውንም ግን ማየት ጥሩ ነው። የሕዝብ ግብር የአንድ ቤተሰብ ነጋዴ እጅ ላይ ለሁለት ወር ይቀመጣል። ጨርቁ ባይሸጥስ? ኤዶ እንደገና ብትቃጠልስ? የሚጠፋው የሱቁ ገንዘብ ብቻ አይሆንም ነበር። ሱቅና ባንክ አንድ ኪስ መሆን የለባቸውም የሚሉ ሰዎች ዛሬም የሚያነሱት ስጋት ይኸው ነው።

ቤቱን ከዚያ ያተረፈው ከጥንቃቄው ይመስለኛል። ታካቶሺ በወጣትነቱ ለመሳፍንት አበድሯል፣ ስለዚህም ጣጣውን ያውቃል። ኋላ ላይ ሚትሱዮች ለመሳፍንት በማበደር ነገር በጣም ቁጥብ ሆኑ። የልጅ ልጁ ታካፉሳ ይህንኑ ማስጠንቀቂያ ለቤተሰቡ ጽፎ አስቀምጧል። ኪዮቶ ውስጥ የከሰሩ ወደ 50 የሚሆኑ ሀብታም የነጋዴ ቤቶችን ታሪክ ሰብስቦ፣ ብዙዎቹን የጣላቸው ለመሳፍንት የሰጡት ያልተመለሰ ብድር መሆኑን አሳየ።

ታካቶሺ በ1694 ኪዮቶ ውስጥ አረፈ። ከዚያ ሁሉ ልጅ ጋር ሀብቱ ይበታተናል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። እሱ ግን አላካፈለም። ድርሻ ድርሻቸውን በቁጥር አስቀመጠ እንጂ ንብረቱ የጋራ ሆኖ እንዲቀጥል ነው የተናዘዘው፤ ትልቁን ድርሻም የመጀመሪያው ልጅ ታካሂራ ያዘ። በ1710 ወራሾቹ ሱቆቹንና የምንዛሪ ቤቶቹን ሁሉ ከላይ ሆኖ የሚቆጣጠር አንድ ማዕከል አቋቋሙ።

ከዚያ 160 ዓመት አልፎ ያልታሰበ ነገር ሆነ። ሾጉኖቹ ወድቀው አዲሱ የሜይጂ መንግሥት ሲመጣ የጨርቁ ንግድ ተዳከመ። ባለሥልጣናቱ ሚትሱዮችን ባንክ ላይ አተኩሩ አሏቸው። በ1872 ጨርቁ ሱቅ ከቤተሰቡ ንግድ ተለይቶ ወጣ፤ በሱቁ የተወለደው ባንክ እናቱን ከቤት አስወጣት ማለት ነው። በ1876 ሚትሱይ ባንክ የጃፓን የመጀመሪያው የግል ባንክ ሆኖ ተከፈተ። ዛሬ ሱሚቶሞ ሚትሱይ የሚባለው ግዙፍ ባንክ አካል ነው።

የተባረረችውም ሱቅ አልሞተችም። ከሚትሱይና ከኤቺጎያ ስሞች ተቀንጭቦ ሚትሱኮሺ የሚል ስም ወጣላት፤ በ1904ም ወደ ዘመናዊ ትልቅ መደብርነት ተቀየረች። ዋናው መደብር አሁንም ቶኪዮ ኒሆንባሺ፣ ድሮ ሱሩጋቾ የነበረው ቦታ ላይ ነው ያለው። አጠገቡ የሚትሱይ ዋና ሕንፃ አለ። ጥቂት እርምጃ ስትሄዱ ደግሞ የጃፓን ማዕከላዊ ባንክ ይገኛል። መደብሩ ዛሬ ያለበት ኩባንያ የራሱ ክሬዲት ካርድ አለው። ልብሱን ዛሬ ወስዶ ገንዘቡን በኋላ መክፈል ይቻላል።