ከግብ አግቢነት እስከ አፍሪካ መሪነት፤ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ



ከሚዛን ተፈሪ ቡና ጭኖ በቦንጋ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ መኪና ጅማን አቋርጦ ያልፋል። በዚያች ከተማ፣ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም.፣ በዕንቁጣጣሽ ዕለት፣ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥምና በዜማ የታወቁ፣ ድምፃቸውንም በጀርመን አገር በሸክላ ያስቀረጹ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ግን በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ሲማሩ ልባቸው ወደ ኳስ አደላ።

ለቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ 23 ዓመት በአጥቂነት ተሰልፈው፣ በ365 ግጥሚያ 318 ግብ እንዳገቡ ተመዝግቧል። እኛ የጨርቅ ኳስ የምናንከባልል ልጆች ይህን ቁጥር ስንሰማ እንደነቃለን። ይሁን እንጂ ትልቁ ሥራቸው በእግራቸው የሠሩት አይደለም።

በየካቲት 1949 ዓ.ም. ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ለመመሥረት ካርቱም ላይ ተሰበሰቡ። ከመሥራቾቹ አንዱ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ወይ ነጮችን ብቻ፣ ወይ ጥቁሮችን ብቻ እንጂ ቀላቅላ እንደማትልክ አስታወቀች። የቀሩት አገሮች ይህን አልቀበል ስላሉ ከውድድሩ ወጣች። ኢትዮጵያ ከእርሷ ጋር ተመድባ ስለ ነበር ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች፤ በፍጻሜውም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። እንግዲህ እውነትን መያዝ ሁልጊዜ ዋንጫ አያስገኝም።

ዋንጫው የመጣው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ጥምቀት በዋለ በሦስተኛው ቀን፣ አቶ ይድነቃቸው ያሠለጠኑት ቡድን አዲስ አበባ ላይ ከግብፅ ጋር ገጠመ። ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነ፤ በተጨማሪው ሰዓትም 4 ለ 2 አሸነፈ።

በ1964 ዓ.ም. የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም መሩት። ለአፍሪካ በዓለም ዋንጫ የሚገባት ቦታ እንዲሰጣት፣ በቀለም የሚለይ አገርም ከስፖርት እንዲገለል ሳይታክቱ ተከራከሩ። ደቡብ አፍሪካ በ1968 ዓ.ም. ከዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ተባረረች። እርሳቸው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ በቡሄ ዕለት፣ ዐረፉ። ነጭና ጥቁር አንድ ላይ ያሰለፈችው ደቡብ አፍሪካ በ1988 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሣ ለማየት አልታደሉም።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ይህን ስንጽፍ ኅሊናችን ወቅሶናል። ባለፈው የቡና ለቀማ ወራት ከወላጆቻቸው ጋር ከሩቅ የመጡ ልጆች በሜዳችን ዳር ቆመው ሲመለከቱን፣ የእኛ ሰፈር ልጆች አይደሉም ብለን አላስገባናቸውም። ከእነርሱ አንዱ የወጣችውን ኳስ አንሥቶ በመለሰልን ቁጥር ተቀብለነው ጨዋታችንን ቀጠልን። ያን ቀን አሸንፈን ነበር፤ አሁን ግን ደስታው ጠፍቶብናል።

የቡናው ፍሬ ዘንድሮም ይቀላል፤ ልጆቹም ይመለሳሉ። እንግዲህ ቡድኑን ስንከፍል አስቀድመን እነርሱን እንጥራ። የጅማው ልጅ በካርቱም የቆሙለትን ነገር እኛ በሰፈራችን ሜዳ ልናፈርሰው አይገባንም።