ታላቁ ጴጥሮስና ባዶው መንበር

ልጆች! የእናንተ እኩያ ሲነግሥ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የሩሲያው ጴጥሮስ በ1682 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ሲነግሥ ገና ዐሥር ዓመት አልሞላውም ነበር። በዚያው ሰሞን ወታደሮች ዐምፀው ቤተ መንግሥት ገቡ፤ የእናቱን ወንድሞችም ገደሉ።

ባደገ ጊዜ ሥልጣንን ሁሉ በእጁ ሰበሰበ። የመኳንንቱን ጢም አስላጨ፤ ማዕርጋቸውንም በአገልግሎታቸው እንዲያገኙ አዘዘ። ትጉህ ነበር፤ መርከብ መሥራትን እንኳ በገዛ እጁ ተምሯል።

ሕዝቡ ግን ፓትርያርኩን እንደ ሁለተኛ ንጉሥ እንዲያይ አልፈለገም። ስለዚህ በ1700 ፓትርያርክ አድርያን ሲያርፉ ሌላ እንዳይሾም አደረገ። በ1721 በፓትርያርክ ፈንታ ጉባኤ አቆመ፤ በዓመቱም ካህን ያልሆነ የመንግሥት ሹም ተቆጣጣሪ አድርጎ ሾመበት። ከዚህ የባሰም አለ። በ1722 ካህናት በንስሐ ከሰሙት ውስጥ በንጉሡ ላይ የታሰበ ክፋት ቢኖር ለመንግሥት እንዲያመለክቱ ታዘዙ። ለንስሐ አባታችሁ የነገራችሁት ዳኛ ዘንድ ሲደርስ እስቲ አስቡት!

ጴጥሮስ በ1725 ሞተ፤ ሥርዓቱ ግን አልሞተም። መንበሩ ባዶውን ቆይቶ ፓትርያርክ ቲኮን የተሾሙት በ1917፣ የመጨረሻው ንጉሥ ከዙፋኑ በወረደበት ዓመት ነው።