እጨጌ እንባቆምና የተከለለው ልዑል

የቡድሃን ትምህርት ከምዕራባውያን የሥነ ልቦና ሕክምና ጋር ማቀናጀት በዘመናችን ብዙ የሚነገርለት ጉዳይ ነው። ይሁን እንጂ የቡድሃ ታሪክ፣ ስሙ ተለውጦም ቢሆን፣ በግዕዝ ከተጻፈ ከ470 ዓመታት በላይ ማለፉን የሚያውቅ የሙያ ባልደረባ ብዙ አይደለም። ይህን የሠሩት የደብረ ሊባኖሱ ዐሥራ አንደኛ እጨጌ፣ አባ እንባቆም ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አባ እንባቆም የተወለዱት በየመን፣ ከሙስሊም ቤተሰብ ነው። ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ በዐፄ እስክንድር ዘመን ነበር። ለረዥም ጊዜ ሲጠይቁ፣ ሲመረምሩና ሲጠራጠሩ ከቆዩ በኋላ በእጨጌ ጴጥሮስ ምክር ተጠምቀው መነኮሱ። በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመንም የደብረ ሊባኖስ አለቃ ሆኑ፤ ከባሕር ማዶ መጥቶ በዚያ መንበር የተቀመጠ ሌላ ሰው አይታወቅም። ሹመቱ ግን አልሰነበተም፤ ለንጉሡ ታማኝ አይደሉም ተብለው ተከሰሱና ለግዞት ተዳረጉ።

ከዚያም ጦርነቱ መጣ። በ1531 ገዳማቸው ተቃጠለ። እሳቸው ግን በ1540 ገደማ፣ ከቁርአን እየጠቀሱ፣ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም አብያተ ክርስቲያናትን ከማቃጠል እንዲታቀብ «አንቀጸ አሚን» የተባለውን ድርሳን ጻፉ። ኢማሙ በ1543 ከሞተ ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ ማለትም በ1553፣ ለዐፄ ገላውዴዎስ የበረላምንና የይዋስፍን መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መለሱ።

መጽሐፉ የሕንድ ልዑል ታሪክ ነው። አባቱ ንጉሥ፣ ልጁ መንኖ እንዳይሄድበት ፈርቶ፣ በሽታና እርጅና ሞትም በማይታዩበት አዳራሽ ከልሎ አሳደገው። ልዑሉ ግን አንድ ቀን ወጥቶ በሽተኛውን፣ ዕውሩንና የጎበጠውን ሽማግሌ አየ፤ ልቡም ታወከ። ሰላም ያገኘው ወደ አዳራሹ ተመልሶ ሳይሆን፣ በመምህሩ በበረላም ፊት ያስጨነቀውን ነገር አንድ በአንድ ጠይቆና መርምሮ ነው።

አባ እንባቆም ይህን የተረጎሙት እንደ ክርስቲያን ቅዱስ ገድል እንጂ የቡድሃ ታሪክ መሆኑን አውቀው አልነበረም። የቡድሃ ማዕርግ የሆነው ቦዲሳትቫ በዐረብኛ ቡዳሳፍ ተብሎ ነበር፤ በዐረብኛ ጽሕፈት «በ»ን ከ«የ» የሚለየው የነጥብ ቁጥር ብቻ ስለሆነ፣ በአንዲት ነጥብ ስሕተት ዩዳሳፍ ሆነ። ታሪኩ በጆርጂያና በግሪክ ቋንቋዎች አልፎ ክርስቲያናዊ መልክ ይዞ ወደ ዐረብኛ ተመለሰ፤ ወደ እኛም ይዋስፍ ተብሎ ደረሰ።

በምዕራቡ ዓለም ይኸው ሐሳብ ወደ ሐኪም ቤት የገባው እጅግ ዘግይቶ ነው። በ1979 ጆን ካባት-ዚን በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ፣ ሕመማቸው አልለቅ ላላቸው በሽተኞች፣ ከቡድሃውያን የተማረውን የማስተዋል ልምምድ ከሃይማኖቱ ለይቶ ማስተማር ጀመረ። በ2002 ሲጋል፣ ዊሊያምስና ቲዝዴል የድብርት ሕመም እንዳያገረሽ ይህንኑ ከሐሳብን መመርመሪያ ሕክምና ጋር አዋሕደው በመጽሐፍ አወጡ። በሽተኛው ክፉ ሐሳቡን እንዲያባርር አይታዘዝም፤ ሲመጣና ሲሄድ እንዲያየው፣ ሐሳብ እንጂ እውነት እንዳልሆነ እንዲለይ ይለማመዳል። ይህ ለከባድ የአእምሮ ሕመም ሐኪምንና መድኃኒትን የሚተካ አይደለም።

እኛ መሐንዲሶች በልስን የተሸፈነ ስንጥቅ ከሚታየው ይልቅ አደገኛ መሆኑን እናውቃለን፤ የራሳችንን ስንጥቅ ግን እንለስናለን። በሁሩታም ሆነ በሌላው ከተማችን ሰው ሲሞት ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት አብሮ ይቀመጣል። በሕይወት ሳለ በውስጡ የሚያዝነው ባልደረባ ግን ወንድ ልጅ አያለቅስም ተብሎ፣ ያለ ድንኳንና ያለ ጠያቂ፣ በማግሥቱ ሥራው ላይ ይገኛል።

እጨጌ እንባቆም አገር ለውጠዋል፣ ከሹመት ወደ ግዞት ወርደዋል፣ የገዳማቸውን መቃጠል አይተዋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ለንጉሥ ያቀረቡት መጽሐፍ ሰውን ከኀዘን በግንብ መከለል እንደማይቻል የሚያስረዳ ነበር። ልዑሉን የረዳው ጥያቄውን ሳይንቅ የሰማው አንድ ሰው ነው፤ ይህን ያህል ለባልደረባችን ማድረግ ደግሞ ከማናችንም አቅም በላይ አይደለም።