አይዛክ ዋልተን፦ አገር ስትታመስ መንጠቆውን ይዞ የወጣው ባለሱቅ

ጊዜው 1651 ነው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው፤ እንዳይምታታባችሁ።) እንግሊዝ ውስጥ የእርስ በርስ ጦርነቱ የመጨረሻ ትልቅ ውጊያ ዎርስተር ከተማ ላይ ተካሄደና የንጉሡ ወገን ድባቅ ተመታ። ወጣቱ ቻርልስ ዳግማዊ ልብሱን ቀይሮ ነፍሱን ለማዳን ይሸሻል። ከንብረቱ መሀል አንድ የንጉሣዊ ኒሻን ጌጥ ጠላት እጅ ሳይገባ ተደብቆ ቀረ። ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆይቶ መጨረሻ ላይ የ58 ዓመት የጨርቅ ነጋዴ ጋር ደረሰ።

ነጋዴው ጌጡን ደብቆ ከስታፎርድ እስከ ለንደን ተጓዘ። መጀመሪያ የደበቀው ኮሎኔል በለንደን ግንብ ታስሮ ነበር፤ እዚያው እስር ቤት ድረስ ወስዶ አስረከበው። ቢያዝ ምን ሊደርስበት እንደሚችል መገመት አይከብድም። ኮሎኔሉ በኋላ አመለጠና ጌጡን ለባለቤቱ መለሰ።

ሰውየው አይዛክ ዋልተን ይባላል። ዓለም የሚያውቀው ግን በዚህ ጀብዱ አይደለም። ከሁለት ዓመት በኋላ ዓሣ ስለማጥመድ በጻፈው መጽሐፍ ነው። ያ መጽሐፍ ከ370 ዓመት በኋላም ይታተማል፣ ይነበባል።

ከቦንጋ ተነስተን የእንግሊዝ ዓሣ አጥማጅ ምን ያደርግልናል የሚል አይጠፋም። ትንሽ ታገሱኝ፣ ጎጀብ ወንዝ ድረስ እንመጣለን።

ዋልተን የተወለደው በ1593 ስታፎርድ ውስጥ ነው። አባቱ መሸታ ቤት ነበረው፤ ልጁ ገና ሕፃን እያለ ሞተ። ኦክስፎርድ ካምብሪጅ የሚባል ነገር አያውቅም። ለንደን ሄዶ ንግድ ተማረ፣ ከዚያ ፍሊት ስትሪት አካባቢ የጨርቅ ሱቅ ከፈተ። ባለሱቅ ነው በቃ።

ግን ሰው መቅረብ ይችልበታል። የሰፈሩ ደብር አስተዳዳሪ ጆን ደን ነበር፤ በዘመኑ ከታወቁት ሰባኪዎችና ገጣሚዎች አንዱ። ባለሱቁና ሰባኪው ወዳጅ ሆኑ። በእሱ በኩል ሄንሪ ወተንን አወቀ። ወተን ቬኒስ ላይ አምባሳደር የነበረ፣ በኋላም የኢተን ትምህርት ቤት ኃላፊ የሆነ ትልቅ ሰው ነው። ዲፕሎማቱና ጨርቅ ሻጩ ወንዝ ዳር ጎን ለጎን ሆነው ያጠምዱ ነበር። ዲግሪ የሌለው ሰው ከተማሩት ጋር እኩል የሚቀመጥበት ቦታ ወንዝ ዳር ነው። ይሄ ነገር ለእኔ ቢጤው ደስ ይላል።

ወተን ሁለት መጽሐፍ የመጻፍ ሐሳብ ነበረው፦ አንዱ የደንን ሕይወት፣ ሌላው ስለ ዓሣ ማጥመድ። ሁለቱንም ሳይጽፍ በ1639 ሞተ። ሁለቱንም የጻፋቸው ዋልተን ነው።

የቤቱ ነገር ግን ከባድ ነበር። ከመጀመሪያ ሚስቱ ከራሄል የወለዳቸው ልጆች በሙሉ፣ አንድም ሳይተርፍ፣ በልጅነታቸው ሞቱ። በ1640 እሷም ሞተች። በ1642 ደግሞ ንጉሡና ፓርላማው ጦር ተማዘዙ፤ ወንድም ከወንድም ጎራ ለይቶ ተዋጋ። የዋልተን ወዳጆች አብዛኞቹ የንጉሡ ደጋፊና የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ስለነበሩ ከሥራቸውና ከየደብራቸው ተባረሩ። በ1649 ንጉሡ ራሱ በአደባባይ አንገቱ ተቆረጠ። ሌላ ሚስት አግብቶ ኑሮን እንደ አዲስ የጀመረው በዚህ ሁሉ መሀል ነው።

ሚያዝያ 1653 ላይ ክሮምዌል ወታደር ይዞ ገብቶ ፓርላማውን በተነ። በቀጣዩ ወር ግንቦት፣ አገሩ ሁሉ ነገ ምን ይመጣ ይሆን እያለ በተጨነቀበት ሰዓት፣ ለንደን ውስጥ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ በ18 ፔንስ ለገበያ ወጣች። ስለ ዓሣ። ስለ ክሮምዌል አንድም ቃል የለባትም።

አሁን ቡና አፍሉና ይህችን ስሙ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1652፣ ፓስካ ሮዜ የሚባል ሰው ለንደን ውስጥ የመጀመሪያውን ቡና ቤት ከፍቶ ነበር። ፍሬው በየመን በኩል ዞሮ የመጣ ነው፤ የአረቢካ ዘር መነሻው ግን የእኛው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ነው። ያን ጊዜ ካፋ በራሷ ንጉሥ የምትተዳደር መንግሥት ነበረች። ቡና ቤቶቹ ብዙም ሳይቆዩ የፖለቲካ ክርክርና የወሬ ማዕከል ሆኑ። ቻርልስ ዳግማዊ ዙፋኑ ላይ ከተመለሰ በኋላ፣ በ1675 መጨረሻ፣ ይዘጉ ብሎ አዋጅ አውጥቶ ነበር፤ ጩኸቱ ሲበዛ ወዲያው ሰረዘው። እናም ለንደን በቡናችን እየተጨቃጨቀች ሳለ ዋልተን ወንዝ ዳር መውረዱን መርጧል።

መጽሐፉ የተጻፈው በጨዋታ መልክ ነው። ከሁለተኛው እትም ጀምሮ ሦስት ሰዎች በግንቦት ጠዋት ከለንደን ወጣ ብሎ ባለ ኮረብታ ላይ ይገናኛሉ፦ አንዱ አዳኝ፣ አንዱ በጭልፊት ወፍ የሚያድን፣ አንዱ ዓሣ አጥማጅ። አይተዋወቁም። መንገድ ላይ የማን ስፖርት ይበልጣል በሚል ይተራረባሉ። ባለ ጭልፊቱ አየሩን ያሞግሳል፣ አዳኙ ምድሩን፣ አጥማጁ ውሃውን። ፉገራው ጨዋ ነው፤ ማንም ማንንም አያዋርድም፣ ግን ማንም አይለቅም። ባለ ጭልፊቱ መንገዱ ሲለያይ ተሰናብቶ ይሄዳል። አዳኙ ቀስ በቀስ ተሸንፎ የአጥማጁ ተማሪ ይሆናል። ለጥቂት ቀናት ሊ በሚባለው ወንዝ ዳር አብረው ይከርማሉ፤ ማታ ማታ ማደሪያ ቤት ገብተው የያዙትን ጠብሰው ይበላሉ፣ ይዘፍናሉ። አንዴ ወተት የምታልብ ልጅና እናቷን ያገኙና ዓሣ ሰጥተው በምላሹ ዘፈን ያዘፍኗቸዋል።

ቀልድ የመሰለ ምክርም አለበት። ፓይክ የሚባለውን ትልቅ ዓሣ ለመያዝ እንቁራሪት መንጠቆ ላይ ስትሰፋ፣ እንደምትወዳት ሆነህ በእርጋታ ያዛት ይላል። ምስኪኗን እየወጋሃት ማለት ነው እንግዲህ። አንባቢዎች እስከ ዛሬ በዚህች ሙድ ይይዙበታል።

ስህተትም ሞልቶታል። ፓይክ ውሃ ውስጥ ከሚበቅል አረም ይወለዳል የሚለውን የድሮ ወሬ ተቀብሎ ጽፏል። ሪቻርድ ፍራንክ የሚባል፣ በክሮምዌል ጦር ውስጥ ያገለገለ ሌላ አጥማጅ ስታፎርድ ላይ አግኝቶት በዚሁ ነገር እንደተከራከረው ጽፏል። ፍራንክ እንደሚለው ዋልተን መልስ ሲያጣ ተኮሳትሮ ጥሎት ሄደ። ታሪኩን የምናውቀው ከተቃዋሚው አፍ ብቻ ስለሆነ ትንሽ ጨው ሊኖርበት ይችላል፤ ግን አምነዋለሁ። በመጽሐፉ ያን ያህል ታጋሽ የሆነው ሰው ከጠላት ወገን የመጣ አጥማጅ ሲተርበው አልቻለም።

አሁን ወደ ፍላይ ፊሺንግ እንምጣ፤ በሰው ሠራሽ ዝንብ ማጥመድ ማለት ነው። ትል ወይም ሥጋ የለም። መንጠቆው ላይ ላባ፣ የበግ ፀጉርና የሐር ክር ተጠቅልሎ ውሃ ላይ ያረፈ ነፍሳት ይመስላል፤ ዓሣው ተታሎ ይውጠዋል። እውነቱን ለመናገር ዋልተን በዚህ ዘዴ ጎበዝ አልነበረም። እሱ የትልና የአንበጣ ሰው ነው። በመጀመሪያው እትም ስለ ዝንብ የጻፈውን ከቶማስ ባርከር እንደወሰደ ራሱ አልሸሸገም።

ዋናው የዝንብ ሊቅ ቻርልስ ኮተን ነው። ከዋልተን በ37 ዓመት ያንሳል፣ ዋልተንንም አባት ብሎ ይጠራዋል። ፀባያቸው ግን ለየቅል ነው። ሽማግሌው ቁጥብና ጸሎተኛ፣ ወጣቱ ገጣሚ፣ አፉ ያልተገራ፣ ዕዳ የማይለቀው። ያም ሆኖ ኮተን በ1674 ዶቭ ወንዝ ዳር ትንሽ የድንጋይ ቤት ሠራና በሩ አናት ላይ የሁለቱን ስም የመጀመሪያ ፊደሎች አጠላልፎ አስቀረጸ። ቤቱ ዛሬም ቆሟል።

በ1676 ዋልተን 82 ዓመቱ ነበር። ለአምስተኛው እትም ኮተን በአሥር ቀን ገደማ ውስጥ ስለ ዝንብ ሙሉ ክፍል ጽፎ ሰጠው። እዚያም ፉገራው ይቀጥላል። ከደቡብ የመጣው እንግዳ የአገሩ ተራራ ያስፈራዋል፣ ድልድዩ ጠቦበት ያማርራል፤ ባለአገሩ ይስቅበታል። በለንደን ስታይል የታሰረ ዝንብ ሲያይ ደግሞ ይሄ መስኮት ላይ ተሰቅሎ መሳቂያ ከመሆን በቀር ለምንም አይበጅም ብሎ ያፌዛል።

ከቀልዱ ሥር ግን ቁም ነገር አለ። ሁለቱ ያስተማሩት ባጭሩ እንዲህ ነው። ነፋሱን ከኋላህ አድርግ፣ ክሩን ይወስድልሃል። ፀሐይዋን ከፊትህ አድርግ፣ ጥላህ ውሃው ላይ አይወድቅም፤ ዓሣ ጥላ ካየ አለቀ። ከዳርቻው ራቅ በል። ከክሩ በፊት ዝንቡ ውሃውን ይንካ። ክሩ ወደ ዝንቡ ሲጠጋ እየቀጠነ ይሂድ። ኮተን በሁለት የፈረስ ፀጉር ብቻ 50 ሴንቲ ገደማ የሚሆን ትራውት ማውጣት የማይችል አጥማጅ መባል አይገባውም ባይ ነው። በየወሩ የሚወጡትን ነፍሳት አጥንቶ ከ60 በላይ የዝንብ ዓይነት እንዴት እንደሚታሰር ዘርዝሯል። ማለትም ዓሣው ዛሬ ምን እየበላ እንደሆነ ሳታይ ዝም ብለህ አትወርውር ነው።

እቃቸውን ልብ በሉ። ረጅም የእንጨት ዘንግ፣ ጫፉ ላይ የታሰረ የፈረስ ጭራ ክር። ዩቲዩብ ላይ የምናየው ውድ ማሽን የለም። የካፋ ደጋ ቀርከሃ አለው፣ ፈረስ አለው፣ የዶሮ ላባ የትም አለ። ጎጀብና ወደ ኦሞ የሚፈሱት ወንዞች ውስጥ ደግሞ ላቤኦባርበስ የሚባለው ዓሣ አለ፤ ጣና ዳር ነጭ ዓሣ የሚሉት ወገን ነው። ዘመዶቹን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሰዎች በዝንብ ለመያዝ ከሩቅ ይጓዙላቸዋል። በኮተን ወንዝ የነበረው ትራውት ራሱ በ1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ ባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ተለቆ ነበር። እኛ ጋ ግን ዱላና ክር የያዘ ልጅ ሲታይ ሥራ ፈት ነው የሚባለው።

በአገራችን ብዙ ቦታ የሚታወቀው ሌላው መንገድ ብርብራ ነው። ፍሬው ይወቀጣል፣ ውሃ ውስጥ ይበተናል፣ ዓሣው ትልቅ ትንሽ ሳይል ሰክሮ ይንሳፈፋል። ለአንድ ቀን ድግስ ይሆናል። የሚቀጥለው ዓመት ዓሣ ግን እዚያው አብሮ አለቀ። ዋልተንም በዘመኑ ይሄው ነበር ንዴቱ፦ በመራቢያ ወቅት የሚያጠምዱና ጫጩቱን ሳይቀር የሚጠርግ መረብ የሚጥሉ ሰዎች። ሕጉ አለ፣ የሚያስከብረው የለም ብሎ አማሯል። በዚህ ነገር ላይ ፉገራ የለውም። ዝንብ የያዘ ሰው አንድ በአንድ ነው የሚያወጣው፤ የማይፈልገውንም በሕይወት እያለ ይመልሳል።

ዋልተን በነሐሴ 1683፣ 90 ዓመት በሞላው ሰሞን፣ ኑዛዜውን በራሱ እጅ መጻፍ ጀመረ። የዚያ ዓመት ክረምት ለንደን ውስጥ ቴምዝ ወንዝ ግግር ሆኖ ሰው በላዩ ገበያ ያቆመበት ነው። በታኅሣሥ ወር ዊንቸስተር ከተማ ሞተ፤ የተቀበረውም እዚያው ካቴድራል ውስጥ ነው። በኑዛዜው ለወዳጆቹ መሰነባበቻ ቀለበት እንዲሠራላቸው ስማቸውን እየዘረዘረ አዟል። ለትውልድ ከተማው ለስታፎርድ ድሆች ደግሞ በየዓመቱ የድንጋይ ከሰል እንዲገዛላቸው ገንዘብ ተወ። መቼ እንደሚገዛም አልረሳም፦ ብርዱ በጣም በሚጠናበት፣ በጃንዋሪ መጨረሻ ወይም በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ሳምንት።