ልዕልት አሊስ፦ አይሁዳውያንን በቤታቸው የሸሸጉ የሄሰን ልጅ

በጀርመን አገር ሄሰን የምትባለውን ትንሽ ግዛት ይገዛ የነበረው ቤተሰብ መቀመጫው ዳርምሽታት ከተማ ነበር። ግዛቱ ጠባብ ቢሆንም ቤተሰቡ በጋብቻ ከእንግሊዝና ከሩሲያ ነገሥታት ጋር የተሳሰረ ነበር። ልዕልት አሊስ ከዚህ ዘር ናቸው። እናታቸው የሄሰን ገዥ ልጅ፣ አባታቸውም የዚያው ቤት ቅርንጫፍ የሆነው የባተንበርግ ልዑል ነበሩ።

ልዕልቲቱ በ1885 በእንግሊዝ አገር በዊንድሰር ቤተ መንግሥት ተወለዱ። ንግሥት ቪክቶሪያ ቅድመ አያታቸው ናቸው። ገና በልጅነታቸው ጆሯቸው እንደማይሰማ ታወቀ። እናታቸው ግን በትዕግሥት ከንፈር እያዩ ንግግር መረዳትን አስተማሯቸው።

በ1903 የግሪኩን ልዑል አንድሬያስን አግብተው አራት ሴቶችና አንድ ወንድ ወለዱ። ወንዱ ኋላ የእንግሊዝ ንግሥት ኤልሳቤጥ ባለቤት የሆኑት ልዑል ፊሊፕ ናቸው። ኑሯቸው ግን የድሎት አልነበረም። በባልካን ጦርነት ቁስለኛ አስታመሙ። በ1922 ቤተሰቡ ከግሪክ ተሰደደ። በ1930 የአእምሮ ሕመም አለባቸው ተብለው ያለ ፈቃዳቸው ስዊዘርላንድ ውስጥ ሆስፒታል ገቡ፤ ከትንሹ ልጃቸውም ተለዩ። በ1937 ሴት ልጃቸው ሴሲሊ ከባሏና ከሁለት ወንዶች ልጆቿ ጋር በአውሮፕላን አደጋ ሞተች።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ልዕልቲቱ አቴና ነበሩ። ወንድ ልጃቸው በእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሲዋጋ የሴቶች ልጆቻቸው ባሎች ደግሞ በጀርመን ወገን ተሰልፈው ነበር። በ1943 ናዚዎች ከተሰሎንቄ ብቻ ከ40,000 በላይ አይሁዳውያንን ወደ ሞት ካምፕ አጋዙ። በዚያው ዓመት አቴናም በጀርመኖች እጅ ወደቀች።

ሐይማኪ ኮሄን የሚባል አይሁዳዊ ቀደም ሲል ለግሪክ ንጉሣዊ ቤተሰብ ውለታ የዋለ ሰው ነበር። እሱ ሲሞት ሚስቱ ራሔል ከልጆቿ ጋር መግቢያ አጣች። ልዕልት አሊስ ይህን ሲሰሙ ራሔልንና ሴት ልጇን በቤታቸው ሸሸጉ። ወንዶቹ ወደ ግብፅ ሊሻገሩ ሲነሡ አንዱ መንገዱ ስላልሆነለት ተመልሶ እናቱንና እኅቱን ተቀላቀለ። ጌስታፖዎች ጠርጥረው ሲመረምሯቸው ልዕልቲቱ ደንቆሮነታቸውን ጋሻ አድርገው ጥያቄው እንዳልገባቸው ሆኑ። ሦስቱም በ1944 አቴና ነፃ እስክትወጣ ድረስ በሕይወት ቆዩ።

ከጦርነቱ በኋላ ልዕልት አሊስ በሽተኞችን የሚያስታምም የሴቶች ማኅበር አቋቋሙ። በ1953 የንግሥት ኤልሳቤጥ በዓለ ንግሥ ሲከበር በሐርና በወርቅ ባጌጡት እንግዶች መካከል የመነኩሲት ቀሚስ ለብሰው ተገኙ። ያላቸውን ሁሉ ለሰው ሰጥተው ስለ ነበር በ1969 ለንደን ውስጥ ሲሞቱ የተዉት ሀብት አልነበረም። ኮሄኖችን ማዳናቸውንም ለልጆቻቸው እንኳ አልነገሩም።

ኑዛዜያቸው በኢየሩሳሌም፣ ከአክስታቸው ከኤልሳቤጥ አጠገብ እንዲቀበሩ ነበር። እኚህም የሄሰን ልጅ በ1918 በሩሲያ አብዮተኞች የተገደሉ ናቸው። ኑዛዜው በ1988 ተፈጸመ፤ አፅማቸው በደብረ ዘይት ተራራ ወደሚገኘው ወደ ማርያም መግደላዊት ገዳም መጣ። በ1993 ያድ ቫሼም ከአሕዛብ ጻድቃን አንዷ አድርጎ መዘገባቸው። በተከታዩ ዓመት ልዑል ፊሊፕና እኅታቸው ሶፊ ኢየሩሳሌም መጥተው የእናታቸውን ክብር ተቀበሉ፤ በስማቸውም ዛፍ ተከሉ።